ከኋላህ!

ሰው የተወለደበትን ቀዬ ቢናፍቅ ወግ ነው። ያደገበትን ሰፈር፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ ጥላው የሄደችውን ፍቅረኛውን ቢናፍቅም «ምን ሆነሃል?» የሚለው የለም። እኔ ግን በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የሚነሣብኝ ናፍቆት ለሰው ለመናገር የሚያሳፍር ዓይነት ነው። የምናፍቀው በ1880ዎቹ የነበረች አንዲት የካሊፎርኒያ የብር ማዕድን ከተማን ነው፤ ሸሪፏን፣ ሽፍቶቿን፣ ጋሪዋንና አቧራዋን። እዚያ አልተወለድኩም። የዘር ሐረጌ ቢቆጠርም በዚያ በኩል አያልፍም። ቅድመ አያቶቼ በዚያ ዘመን ለአፄ ዮሐንስ ሹማምንት ግብር ይከፍሉ ነበር እንጂ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ብር ሲቆፍሩ አልተገኙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሎስ አንጀለስ በ5 ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቡዌና ፓርክ በምትባል ከተማ ውስጥ ኖትስ ቤሪ ፋርም የሚባል የመዝናኛ ፓርክ አለ። ጎረቤቱ ዲዝኒላንድ ስለሆነ ካገር ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «አይጧን አሳዩኝ» ይላል እንጂ የኖትስን ስም የሚያነሣ የለም። ፓርኩ መሃል ጎስት ታውን የተባለ፣ የእንጨት ቤቶች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት የድሮ ሰፈር አለ። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የፈረንጅ በጋ በመጣ ቁጥር በዚህ ሰፈር «ጎስት ታውን አላይቭ» የሚባል የመንገድ ትርኢት ይካሄዳል።

ትርኢት ልበለው እንጂ መድረክ የለው፣ መጋረጃ የለው፣ ወንበር የለው። ተዋንያኑ መንገድ ላይ ይውላሉ። ሸሪፉ ይዞራል፤ ከንቲባው ይደነፋል፤ ሽፍቶቹ ጥግ ይዘው ይዶልታሉ። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤ አስይዞ «ሩጥና ለባንኩ ሰው አድርስልኝ» ብሎ የሚልከው ትኬት ቆርጦ የገባውን ሰው ነው። አይስክሬም ይዞ ሲያዛጋ የነበረ የሦስት ልጆች አባት ሳያስበው የሽፍታ ሰላይ ሆኖ ያመሻል። ጠዋት ሐሜት የነበረው ነገር ከሰዓት በኋላ ክስ ሆኖ ችሎት ይቀርባል፤ ወደ ማታ ደግሞ ከሳሽም ተከሳሽም አንድ ላይ ይጨፍራሉ። በጋው ሲያልቅ ሸሪፉም ሽፍቶቹም ይሄዱና ቤቶቹ እንጨት ብቻ ይሆናሉ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ፓርኩ ሲዘጋ ጭራሽ ሳይመጡ ቀሩ፤ ባለቤቴ ያን በጋ ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ ስተክዝ አይታ ወረርሽኙን የፈራሁ መስሏት አጽናናችኝ።

የከተማዋ አመጣጥ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። ዋልተር ኖት የሚባል ገበሬ በ1920 ቡዌና ፓርክ መሬት ተከራይቶ እንጆሪ መሰል ፍሬዎችን እያመረተ መንገድ ዳር ይሸጥ ነበር። ሩዶልፍ ቦይሰን የተባለ ሰው አዳቅሎት ተስፋ ቆርጦ የተወውን፣ ሊደርቅ የደረሰ ተክል ወስዶ አዳነና ፍሬውን ቦይሰንቤሪ ብሎ በሰውየው ስም ጠራው። ዘመኑ ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። ያን ጊዜ ነው ባለቤቱ ኮርዴሊያ ለቤተሰቡ የደረሰችለት። በ1934 አንድ ምሽት ዶሮ ጠብሳ፣ የሠርግ ሳህኖቿን አውጥታ ለ8 ሰው እራት አቀረበች፤ ሒሳቡ ለአንድ ሰው 65 ሳንቲም። ወሬው ተዛመተና ሰው በሰዓታት የሚቆጠር ወረፋ ይጠብቅ ጀመር። ኖት ደግሞ እንግዳ ቆሞ ሲጉላላ ማየት አልሆነለትም። በ1940 ወረፋ ጠባቂው እየተዘዋወረ እንዲያይ አሮጌ ከተማ መሥራት ጀመረ። ከያለበት የድሮ ቤቶችን እያፈረሰና እያስጫነ አመጣ፤ አያቱ በፈረስ ሠረገላ በረሃ አቋርጠው ወደ ካሊፎርኒያ የመጡበት ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ሲያቃጭል የኖረ ሰው ነበር።

ልብ በሉልኝ፤ ሰውየው ለወረፋ ጠባቂ ከተማ ሠራለት። እኔ በልጅነቴ በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ያሳለፍኩትን ጊዜ ሳስብ፣ የሱቁ ኃላፊ የኖትን ግማሽ ልብ ይዘው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰፈራችን ሮምን ባስናቀ ነበር። የቀመስነው ግን «ስኳሩ አልቋል፤ ሳሙና የምትፈልጉ ብቻ ቆዩ» የሚለውን ነው።

ትርኢቱ የሚቀዳው ከካሊኮ ነው። ካሊኮ እውነተኛ ከተማ ነበረች፤ በ1881 ብር ተገኘባትና ሰው ጎረፈላት፤ በ1890ዎቹ የብር ዋጋ ሲወድቅ እንደ መጣ ሄደ። ኖት በወጣትነቱ እዚያ ሠርቷል፤ አጎቱም በማዕድኑ ውስጥ እጅ ነበራቸው። ባለጸጋ ከሆነ በኋላ በ1951 ያችን የሞተች ከተማ እንዳለች ገዝቶ አሳደሳትና በ1966 ለሳን በርናርዲኖ አውራጃ በስጦታ ሰጣት። እኛ ናፍቆት ሲይዘን ዘፈን እናስከፍታለን፤ ሰውየው ከተማ ገዛ።

እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ናፋቂ ከሆነ የእኔ መናፈቅ ምን ያስገርማል? ልዩነታችን እሱ የናፈቀው ካሊኮን መሆኑ ነው። እኔ የናፈቅኩት መርካቶን ነው። አሜሪካን ከማየቴ በፊት የአሜሪካን ምዕራብ ያየሁት እዚያው መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ ውስጥ፣ ሽንብራ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው። ጃንጎን፣ ትሪኒቲን፣ ስማቸው የጠፋኝን ሌሎች ብዙዎች። በኋላ እንደተረዳሁት ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹን ጣሊያኖች የሠሯቸው ስፔን ወርደው ነው። ማለትም አንድ የመርካቶ ልጅ፣ በጣሊያን ዓይን፣ በስፔን አቧራ ውስጥ አሜሪካን ወደደ። ከዚህ የበለጠ የተዳቀለ ፍቅር ቦይሰንም አያውቅ።

ሲኒማ ራስን የማያውቅ ፊልም ዝም ተብሎ የሚታይ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ፊልሙ ከአዳራሹ ጋር በጋራ ነበር የሚሠራው። ሕጉ አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም። ይሁን እንጂ ሕጉን ሁላችንም እያወቅን፣ ወንበዴው ከበርሜል ኋላ ሽጉጡን ሲያወጣ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ከኋላህ!» ብሎ ይጮኻል። ፊልሙን ደጋግሞ ያየ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ገና ሳይደርስ «አሁን ይዞራል፤ አሁን ይዞራል» እያለ ያውጃል፤ ቆሎ ይወረወርበታል። አክተሩ ግን አንድም ቀን ሰምቶን አያውቅም። ጠጠር ጣራ ሲመታ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰውዬ የእኛን የመቶ ሰው ጩኸት አይሰማም። በእርግጥ አማርኛ አይችልም።

አሜሪካ መጥቼ ሲኒማ ቤት ስገባ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን የገባ ያህል ጸጥ ብሎ አገኘሁት። እኔም ዝም አልኩ። ዓመታት ዝም አልኩ። ከዚያ ነው ልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞቿን ተከትላ ኖትስ ካልወሰድከኝ ብላ ያስቸገረችኝ። ጎስት ታውን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ ሳለሁ ሸሪፉ ፊት ለፊቴ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ያወራል፤ አንድ ሽፍታ ደግሞ ከጋሪው ጀርባ በእግሩ ጣት እየረገጠ ይመጣል። አፌ ከእኔ ቀደመ፦

«ከኋላህ!»

ሸሪፉ ዞረ። ሽፍታውን ክንዱን ይዞ አስቆመው፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተና ባርኔጣውን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ አመሰገነኝ። አማርኛ እንደማይችል አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ዞረ። ከሲኒማ ራስ ጀምሮ ያለብኝ ዕዳ በዚያች ቅጽበት ተከፈለ። ልጄ «አባዬ፣ ምን አልከው?» ብትለኝ መልስ የምሰጥበት ድምፅ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የዚህን ትርኢት መምጫ ከበዓል አስበልጬ እጠብቃለሁ።

ነገሩ የተሟላው ግን አጎቴ፣ ጋሼ፣ ካዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ዓመት ነው። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በሐምሌ ሙቀት ጋቢ አይለያቸውም፣ በሌላ ሰው ጠብ ውስጥ ካልገቡ ደግሞ ቀኑ አይመሽላቸውም። ሊትል ኢትዮጵያ ወስጄ ፌርፋክስ ላይ ክትፎ ካበላኋቸው በኋላ አሜሪካ የታየ መስሏቸው ነበር። መግቢያ በሩ ላይ የከፈልኩትን አይተው ደነገጡ። «ይህ ሁሉ ለጋሪ? ቢሾፍቱ ስንት ዙር በዞርንበት!» አሉ። ላጽናናቸው ብዬ ፓርኩ እስከ 1968 መግቢያ እንደማይጠየቅበት፣ መጠየቅ ሲጀምርም 25 ሳንቲም እንደነበረ ነገርኳቸው። «ታዲያ ያኔ ምን ይዞህ ነው ያላመጣኸኝ?» አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ እስር ቤቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የልጄ ነው። በትንሿ የእንጨት እስር ቤት ውስጥ ሳድ አይ ጆ የሚባል፣ ዓይኑ ያዘነ የእንጨት እስረኛ ተቀምጧል። አብሯችሁ የመጣ ሰው ስማችሁንና አንዳንድ ወሬያችሁን በድብቅ ለአስተናጋጁ ሹክ ካለ፣ በብረቱ በኩል አጮልቃችሁ ስታዩ እስረኛው በስማችሁ ይጠራችኋል። ለፈረንጅ ልጆች ይህ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሳቅ ነው። ጋሼ ግን የደርግን 17 ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው። እስር ቤት ውስጥ ያለ የማያውቁት ሰው ስማቸውን ከነአባታቸው ሲጠራ፣ ከአዲስ አበባ መምጣታቸውንና ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሲናገር ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው በትሕትና «እኔ ምንም አላየሁም፤ ምንም አልሰማሁም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ስሜን ማን ሰጠው?» አሉ። ልጄ አመነች። እስከ ዛሬ አላመኗትም።

ከብረት ሠሪው ደጅ ስንደርስ ግን ነፍሳቸው ተመለሰች። ሰውየው እውነተኛ ባለ እጅ ነው፤ ከሰሉን ያናፋል፣ ብረቱን ያግላል፣ ይቀጠቅጣል። ፊቱ የተኮለኮለው ሕዝብ ፎቶ ያነሣዋል፣ ያጨበጭብለታል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ። «እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ቡዳ ነው ብለን ልጅ ደብቀንበት ነበር» አሉ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ሁሉ ከሱ እየወሰድን የሱን ዓይን ስንፈራ መኖራችን እዚያ፣ የፈረንጅ መጫወቻ ቦታ ላይ ቆመው ነው የታያቸው። ለባለ እጁ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡት።

ወደ ቀትር ጠቡ ተነሣ። ሸሪፉና የሽፍቶቹ አለቃ መንገዱ መሃል ተፋጠጡ፤ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ፤ እጅ ወደ ሽጉጥ ወረደ። ሕዝቡ ስልኩን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ አጠገቤ የሉም። መንገዱ መሃል፣ በሁለቱ መካከል፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፦

«በሕግ አምላክ!»

የመንገዱ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። የእነዚህ ተዋንያን ሞያ ከራሳቸው እያፈለቁ መጫወት ነው፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ። ይህ ግን በየትኛውም ልምምዳቸው የመጣ አይመስለኝም። ሸሪፉ ባርኔጣውን አወለቀ። «ና ተርጉምልኝ!» ብለው ጠሩኝ። «መጀመሪያ ይቀመጡ በላቸው። ቆሞ ዕርቅ የለም።» ተቀመጡ። «የማን ልጆች ናችሁ?» አሏቸው። ሽፍታው የአያቱን ስም እንኳ ፈጥሮ ነገራቸው። «ነገሩ ከምን ተነሣ?» ሽፍታው መሬት ተወሰደብኝ አለ፤ ሸሪፉ ባንክ ሊዘርፍ ነበር አለ። ጋሼ ሁለቱንም በተራ ሰምተው፣ መሬት የተወሰደበት ሰው ቢቆጣ እንደማይፈረድበት፣ ባንክ ግን ያባት መሬት እንዳልሆነ ነገሯቸው። እኔ ስተረጉም ሕዝቡ ያጨበጭባል። ዳኝነቱ ሽፍታው ጥፋተኛ ነው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ የሚል ሆነ። ዙሪያውን ድንጋይ ቢፈለግ የተገኘው ሁሉ በሲሚንቶ የተያዘ ነው። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ኮርቻ ይዞ መጣ። ያ ግዙፍ ሽፍታ ኮርቻ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ሸሪፉ እግር ሥር ወደቀ። «ይቅር ለእግዚአብሔር በል» አሉት ሸሪፉን። አለ፤ እየተንተባተበም ቢሆን በአማርኛ አለ።

ሸሪፉ የቆርቆሮ ኮከብ አውጥቶ ጋቢያቸው ላይ ሰካላቸው። ጋሼ ኮከቡን እያዩ «ጥቁር ሸሪፍ ነበረ እንዴ?» አሉኝ። ስለ ባስ ሪቭስ ነገርኳቸው፤ በባርነት ተወልዶ በ1875 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ምክትል ማርሻል የሆነውን፣ በኢንዲያን ግዛት ወንበዴ ሲያሳድድ የኖረውን። ከካውቦዮቹ አንድ አራተኛ ያህሉ ጥቁሮች እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች እንደሚገምቱም ነገርኳቸው። «ታዲያ ሲኒማ ራስ ለምን አላሳየንም?» አሉ። ጣሊያኖቹን መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለው ትርኢት ታጥቦ የጸዳ ታሪክ እንደሚያሳይ አላጣሁትም፤ የእውነተኛው ካሊኮ ሰው በሙቀትና በአቧራ ተቃጥሎ የኖረ ነው። ይህን እያወቅኩም ከበሩ አልቀርም።

ዕርቁ ብዙ አልቆየም። ቦይሰንቤሪ ጭማቂ ገዝተን ጥላ ፈልገን ገና ከመቀመጣችን ባንኩ ተዘረፈ አሉን። ዘራፊው ያው የታረቀው ነው። ጋሼ ጭማቂውን አስቀምጠው ተነሡ። «ኮርቻ ተሸክሞ? በእግዚአብሔር ስም ተማምሎ?» ተውኔት ነው ብዬ ብለምን አልሰማ አሉኝ፤ ተውኔትም ቢሆን ቃል ቃል ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ችሎት ሲሰየም ምስክር ሆነው ቀረቡ፤ አሁንም በእኔ አስተርጓሚነት። የምስክርነቱ ፍሬ ነገር «ይህን ልጅ እኔ አስታርቄው ነበር፤ ዘመዶቹ ይጠሩልኝ» የሚል ነበር። ዳኛው ዘመዶቹን ከየት ያምጣ? ማታ ሁሉም ተሰብስቦ ሲጨፍር ሽፍታው ራሱ መጥቶ እጃቸውን ያዛቸው። ትንሽ ካኮረፉ በኋላ ትከሻቸውን ነቀነቁለት፤ ሸሪፉም እስክስታውን ሊከተል ሞከረ። ትከሻው አልታዘዘውም እንጂ ፍላጎት አላነሰውም።

አሁን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። የፓርኩ ባለቤት ኩባንያ በ2024 ከሲክስ ፍላግስ ጋር ተዋህዷል። ትልቅ ኩባንያ ሒሳብ ሲሠራ ሮለር ኮስተር ደመወዝ አይጠይቅም፤ ሸሪፍ ይጠይቃል። ሰው የሚጮኸው ግን ሁለቱም ላይ ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ በበጋ የምትመጡ፣ ዲዝኒን ለአንድ ቀን ተዉትና ወደዚህ ጎራ በሉ። ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ፤ ሐሜቱ የሚጀምረው ያኔ ስለሆነ ዘግይቶ የገባ ሰው ማን በማን ላይ እንደተቀየመ ሳያውቅ ይውላል። አዛውንት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እስር ቤቱን ግን በሩቁ አሳዩዋቸው። ገንዘቡ ከበዛባችሁ ደግሞ የኮርዴሊያ የዶሮ ምግብ ቤት አሁንም አለ። ጋሼ «አሥራ ሁለቱ ብልት የት ሄዶ ነው?» እያሉ ሳህናቸውን አጥበውታል። ምግብ ቤቱ ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ ትኬት አይጠይቅም። ለሸሪፉ ግን መክፈል ግድ ነው።